የታደሰ መኪና ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሉት አንድ ዐይነት አውቶሞቢል አላቸው፤ ትርጓሜው ጡንቻ ያለው መኪና ማለት ነው። ለተራ ቤተሰብ በተሠራ መካከለኛ መኪና ውስጥ ለትልቅ መኪና የታሰበ ኃይለኛ ሞተር አግብተው፣ ዋጋውን አንድ ወጣት ደመወዝተኛ ሊደፍረው በሚችል ልክ ወስነው ያወጡት ነው። ዘመኑ ረዥም አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. በሰፊው ተጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን)፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የኢንሹራንስ ዋጋ መናር፣ የአየር ንጽሕና ሕግና በ1973 የደረሰው የነዳጅ እጥረት ተባብረው አዳከሙት። ዛሬ እነዚያ መኪናዎች የሽማግሌ ዕድሜ ይዘዋል። ከመካከላቸው ጣራቸው ወደ ኋላ የሚታጠፈው፣ ማለት ኮንቨርቲብል የሚባሉት፣ ገና ሲሠሩም ቍጥራቸው ጥቂት ስለ ነበረ፣ አሁን ከያሉበት ጎተራና ጋራዥ እየተፈለጉ፣ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ተፈትተው፣ ዝገታቸው ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብተው በብዙ ገንዘብ ይሸጣሉ። እኛም ዛሬ ስለዚህ ሽያጭ ያለንን አስተያየት ለአንባቢያን ለማቅረብ አስበናል።

«የአሜሪካ ሰው መጫወቻ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሻጩ የሚያውቀውን ነገር ገዢው በዐይኑ ሊያየው የማይችል ዕቃ ሁሉ ግን አንድ ዐይነት ጥያቄ ያስነሣል። በአገራችንም አስተዋይ ሰው አሮጌ መኪና ሲገዛ ሊብሬውን ከሻንሲውና ከሞተሩ ቍጥር ጋር ሳያስተያይ ገንዘቡን አይቈጥርም። የታደሰው መስል ካር ይህን ጥያቄ እስከ ጫፍ ያደርሰዋል፤ ምክንያቱም ማደስ ማለት የስድሳ ዓመት ምልክትን አጥፍቶ አዲስ ማስመሰል ነው። ሥራው ባማረ ቍጥር ማስረጃው ይጠፋል። እንግዲህ ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ ነው ወይስ ሻጩ ስለ ብረቱ ለሚሰጠው ቃል? እኛ አብዛኛው ገንዘብ የሚከፈለው ለቃሉ ነው እንላለን፤ ስለዚህም ሻጩ ቃሉን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን።

ለዚህ የፖንቲያክን ጂ.ቲ.ኦ. ያህል የሚስማማ ምሳሌ አናገኝም። ጄኔራል ሞተርስ በ1963 መጀመሪያ ላይ ቅርንጫፎቹ በእሽቅድምድም እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚህም በቀር በመካከለኛ መኪናዎቹ ውስጥ የሚገባው ሞተር ከ330 ኩቢክ ኢንች እንዳይበልጥ የሚል የውስጥ ደንብ ነበረው። በዚያን ጊዜ የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዲሎሪያንና ጓደኞቹ ግን 389 ኩቢክ ኢንች፣ ማለት 6.4 ሊትር ያህል የሆነውን ሞተር ቴምፕስት በሚባለው መኪና ውስጥ ለማግባት ፈለጉ። የደንቡን በር ሳይሰብሩ በመስኮት ገቡ። እንደ አዲስ ሞዴል ሳይሆን፣ ሌማንስ የተባለውን ቴምፕስት የሚገዛ ደንበኛ ተጨማሪ ከፍሎ እንደሚያዝዘው ዕቃ አድርገው አቀረቡት፤ የተጨማሪውም ዋጋ 300 ዶላር አይሞላም ነበር። ስሙን ከኢጣልያው ፌራሪ ተዋሱ። ባለ አንድ ካርቡራተሩ 325፣ ባለ ሦስቱ 348 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተነገረ። በመጀመሪያው ዓመት 32450 ወጣ፤ ከዚህ ውስጥ ጣራቸው የሚታጠፈው 6644 ብቻ ነበሩ።

ያ በመስኮት መግባት ለዛሬው ገዢ ራስ ምታት አትርፎለታል። ጂ.ቲ.ኦ. ተጨማሪ ዕቃ እንጂ ሞዴል ስላልነበረ፣ በ1964 እና በ1965 የተሠራው መኪና የሻንሲ ቍጥር ሌማንስ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ ጂ.ቲ.ኦ. ነው አይደለም የሚለውን አይመሰክርም። ከ1966 ጀምሮ ግን ራሱን የቻለ ሞዴል ሆነና ቍጥሩ በ242 ይጀምራል፤ ቀጥሎ 67 የሚል ካለበት ደግሞ መኪናው ጣራው የሚታጠፍ ሆኖ ከፋብሪካ ወጥቷል ማለት ነው። የ1966ቱን የሚገዛ ሰው አምስት አኃዝ በማንበብ የሚያውቀውን፣ የ1965ቱን የሚገዛው ወረቀት ካላገኘ ሊያውቀው አይችልም።

አሁን ለአንድ ብልህ መካኒክ ተራ የ1965 ሌማንስ ኮንቨርቲብል ስጡት። ከሌላ ፖንቲያክ የተፈታ 389 ሞተር ያገባበታል፤ ኮፈኑን ይለውጣል፤ ዛሬም አዲስ እየተሠሩ የሚሸጡትን የስም ምልክቶች ገዝቶ በየቦታቸው ይለጥፋል። ሲጨርስ ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን ብታቆሙት የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ዐይነቱን መኪና አሜሪካኖች ክሎን ይሉታል፤ ለስለስ አድርገው ሲናገሩ ደግሞ ትሪቢዩት፣ የአክብሮት መታሰቢያ እንደ ማለት። እኛ ክሎን መሥራት ነውር ነው አንልም። ድምፁ ያው ድምፅ ነው፣ ጣራው ሲገለጥ የሚነፍሰውም ያው ነፋስ ነው፤ እንዲያውም ባለቤቱ ዝናብ መጣ፣ ጠጠር ነካው ብሎ ሳይሳቀቅ ይነዳዋል። ነውሩ የሚጀምረው በሽያጩ ቀን ነው። ሻጩ «ይህ ሌማንስ ነበር፣ እኔ ጂ.ቲ.ኦ. አስመሰልሁት» ብሎ ከጻፈ የጨዋ ሥራ ሠርቷል። ዝም ብሎ፣ ገዢው በራሱ ጊዜ ጂ.ቲ.ኦ. ነው ብሎ እንዲያስብ ከተወው ግን አንዲት የሐሰት ቃል ሳይናገር የሰው ገንዘብ ወስዷል። የለጠፈው የስም ምልክት ስለ እርሱ ዋሽቶለታልና።

የፖንቲያክ ገዢ ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ነው። የፋብሪካው የሽያጭ መዝገብ ሳይጠፋ ስለ ቆየ፣ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የሚባለው ድርጅት የሻንሲ ቍጥር ሲላክለት ክፍያውን ተቀብሎ የዚያን መኪና ወረቀት ቅጂ ይሰጣል። መኪናው አዲስ ሳለ ምን ሞተር፣ ምን ካምቢዮ፣ ምን ቀለም እንደ ነበረው በዚያ ይታያል። ክፍያው በመኪናው ዋጋ አጠገብ ከምንም የማይቈጠር ሆኖ ሳለ፣ ይህን ወረቀት ሳያይ የ1965 ጂ.ቲ.ኦ. ለመግዛት የሚጣደፍ ሰው ነገሩ አይገባንም።

የሸቭሮሌት ገዢ ግን ይህ ዕድል የለውም። ከ1969 እስከ 1972 የተሠራ ሸቬል «ኤስ.ኤስ.» መሆኑ ከሻንሲ ቍጥሩ አይታወቅም፤ በአሜሪካ ለተሸጡት ሸቭሮሌቶችም እንደ ፖንቲያኩ ያለ የእያንዳንዱ መኪና መዝገብ አይገኝም። ዋነኛው ማስረጃ የፋብሪካው ሠራተኞች መኪናውን ሲገጣጥሙ ይመሩበት የነበረ አንድ ወረቀት ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ለማንም ይጠቅማል ሳይሉ ትተውት ስለ ሄዱ፣ አንዳንዱ ከቤንዚን ታንኩ በላይ፣ አንዳንዱ ከመቀመጫው ሽቦ ሥር ተወሽቆ ቀርቷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አይጥ ሳይበላው፣ ውሃ ሳያበሰብሰው ከተገኘ፣ ያ ቡናማ የሆነ ቁራጭ ወረቀት በመኪናው ዋጋ ላይ ብዙ ሺህ ዶላር ይጨምራል። መኪናውን የሚያድስ ሰው ታንኩን በሚያወርድበት ቀን አብሮ የጣለው እንደ ሆነ ግን፣ ባለቤቱ እውነተኛ ኤስ.ኤስ. ይዞ ሳለ እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት ያቅተዋል።

ማስረጃ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት ወደ ሌላው ፋብሪካ እንለፍ። ፕሊመዝ በ1971 ኩዳ የሚባለውን መኪና ሲሠራ፣ 426 ኩቢክ ኢንች የሆነው ሄሚ ሞተር የገባባቸው ጣራቸው የሚታጠፈው አሥራ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በ2014 በጁን ወር በሲያትል ከተማ በሜከም ሐራጅ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በዚያው ዓመት በዚያው ፋብሪካ የተሠራ፣ ጣራውም መቀመጫውም ያው የሆነ፣ ትንሽ ሞተር የገባበት ባራኩዳ ግን የዚህን ዋጋ ትንሽ ክፋይ እንኳ ቢያወጣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ልዩነቱ በሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ሄሚ ሞተር ገዝቶ በባራኩዳው ሊያገባበት ይችላልና። ልዩነቱ ያ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የነበረ መሆኑ ነው። ይህንንም የሚያሳዩት በብረቱ ላይ የተመቱ ጥቂት ቍጥሮች ናቸው። ብዙ ገንዘብ በጥቂት ቍጥሮች ላይ ሲንጠለጠል፣ የሞተሩን ቍጥር ፍቆ በምትኩ የሚፈለገውን የሚመታ ሰው መነሣቱ አይቀርም፤ ተነሥቷልም። የሐራጅ ቤት ጠበብት የተፋቀውን ብረት በማጉያ መነጽር የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

ከቍጥሩ ቀጥሎ ያለው የሰውነቱ ነገር ነው። ጣራው ጨርቅ የሆነ መኪና ውሃ ያስገባል፤ የገባው ውሃ ከምንጣፉ ሥር ተኝቶ ወለሉን ይበላል። ደኅና ባትላሜራ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፤ ወራት ይፈጃል፣ ገንዘብም ይፈጃል። ሌላው ስቱኮውን ይደፋበትና ፈግፍጎ ቀለም ይቀባዋል፤ ይህም በጥቂት ቀን ያልቃል። በሽያጩ ቀን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እንዲያውም ስቱኮው ይበልጥ ለስልሶ ሊታይ ይችላል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በመኪናው ጎን ላይ የሚያስኬድ ገዢ ጥቂት ሊያውቅ ይችላል፤ ስቱኮው በወፈረበት ማግኔቱ አይዝም። ይህን ያላደረገው ግን ሁለት ክረምት ይጠብቃል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ እያኰረፈ መነሣት ይጀምራል።

ጣራው ራሱም የማታለያ በር ነው። ጣራው የሚታጠፈው ይበልጥ ስለሚፈለግ ብረት ጣራ ያለውን ቆርጦ ጨርቅ የሚያለብስ አልታጣም። የብረት ጣራ አካሉን አጥብቆ የሚይዝ አጥንት ስለ ሆነ፣ ጄኔራል ሞተርስ በነዚያ ዓመታት ለኮንቨርቲብሎቹ መካከለኛ መኪናዎች ሻንሲውን በአራቱም ጎን የተዘጋ አድርጎ ይሠራው ነበር፤ የተራዎቹ በአብዛኛው በአንድ ጎኑ ክፍት ነው። ከሥር ተኝቶ ያየ ሰው ይለየዋል። መኪናውንም በክሪክ ሲያነሡት በሩ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ መካከሉ ጐብጧል ማለት ነው። (አሜሪካኖች ጣራው የሚታጠፍ መኪና ጨርሶ ሊቀር ነው ብለው የተሰናበቱበትም ጊዜ ነበር። ካዲላክ በ1976 ኤልዶራዶውን የመጨረሻው የአሜሪካ ኮንቨርቲብል ነው እያለ ሸጠው፤ ለማስቀመጥ ብለው የገዙትም ነበሩ። በ1982 ክራይስለር ሌባሮንን ጣራው የሚታጠፍ አድርጎ ሲያወጣ ያ ስንብት ፈረሰ።)

«ገዢው ይጠንቀቅ፤ ዐይን አለው፣ መካኒክም ይዞ ይምጣ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር ለበግ ገበያ ይስማማ ይሆናል፤ በጉን ጥርሱን አይቶ፣ ላቱን ጨብጦ ማወቅ ይቻላልና። የታደሰ መኪናን ለማወቅ ግን ቀለሙን መፋቅ ያስፈልጋል፤ ይህንንም የሚፈቅድ ሻጭ የለም። ሻጩ ራሱ ያደሰው ከሆነ የትኛው ላሜራ ተበይዶ የትኛው በስቱኮ እንደ ተሸፈነ ያውቃል። ሁለቱ እኩል ስላላወቁ እኩል ኃላፊ ሊሆኑ አይገባም።

የአሜሪካ ሕግም ለሻጩ ብዙዎች እንደሚያስቡት አያደላም። ሻጩ «እንዳለ ነው የምሸጠው» ብሎ ቢጽፍ፣ ሕግ በዝምታ ከሚጥልበት ዋስትና ይድናል። በማስታወቂያው ላይ «ሞተሩ የራሱ ነው» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ አብዛኞቹ ስቴቶች በተቀበሉት የንግድ ሕግ መሠረት ይህ ገለጻ የውሉ አካል ስለሚሆን «እንዳለ ነው» የሚለው ቃል በቀላሉ አይሽረውም። ብልጦቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ምንም አይጽፉም፤ ወይም «እንደሚነገረው»፣ «እንደምናምነው» እያሉ ይጽፋሉ። አንድ የወረዳ ጸሓፊ እንኳ በእንዲህ ያለ ቃል የተጻፈ ማመልከቻ ቢቀርብለት አይቀበለውም። የኪሎ ሜትሩንም ነገር እንጨምር፤ የዚያ ዘመን ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ስለ ነበረው ከ99999 ማይል በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የፌዴራሉም ሕግ ይህን ያህል ያረጀ መኪና የሚሸጥ ሰው የቆጣሪውን እውነተኛነት እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም። ስለዚህ «42 ሺህ ማይል ብቻ የሄደ» የሚለው ማስታወቂያ የጥገና ደረሰኝ ካልተከተለው ዋጋ የለውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ማንም ማንንም ሳያታልል የሚደርሰው ነው። በካንሳስ ስቴት አንድ ሰው የታደሰ የ1959 ሸቭሮሌት ኮርቬት ገዝቶ በ2017 ለማስመዝገብ ለፖሊስ ምርመራ አቀረበው። ኮርቬት የስፖርት መኪና እንጂ መስል ካር አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። መርማሪዎቹ የሻንሲው ቍጥር የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ ተነቅላ እንደገና በሪቬት የተመታች መሆኗን ስላዩ መኪናውን ያዙበት። ሰሌዳዋን መንቀልና መለወጥ በፌዴራሉም ሕግ እስከ አምስት ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። ነገር ግን መኪና ሲታደስ ዝገቱን ለመጥረግ ሰሌዳዋን ነቅሎ መመለስ ለብዙ ዓመታት በየጋራዡ ሲሠራ የኖረ ነው። ገዢው ምንም በደል እንደሌለበት አልተካደም፤ ቢሆንም ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገተ፣ መኪናውም በመንግሥት እጅ ቆመ። የካንሳስ ሕግ አውጪዎች በ2022 ለአሮጌ መኪና እድሳት ተብሎ የሚደረገውን መንቀል ከወንጀልነት የሚያወጣ ማሻሻያ አወጡ። ያደሰው ሰው ሰሌዳዋን ሲነቅልና ሲመልስ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቀኑን ጽፎ ከመኪናው ጋር ቢያስተላልፍ ኖሮ፣ ለገዢው ከባዶ እጁ የተሻለ መከራከሪያ በሆነለት ነበር።

ስለ ዋጋውም አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። ያደሰው ሰው ዋጋ ሲጠራ መጀመሪያ የሚያወጣው የደረሰኝ ክምር ነው፤ ለቀለም ይህን ያህል፣ ለመቀመጫ ቆዳ ይህን ያህል፣ ለእጅ ሥራ ይህን ያህል እያለ ይደምራል። ድምሩም ብዙ ጊዜ ገበያው ለእንዲህ ያለ መኪና ከሚከፍለው ይበልጣል። ገበያው ግን የሻጩን ድካም የመክፈል ዕዳ የለበትም፤ ለልጁ ሰርግ የደገሰ አባት ወጪውን ከሙሽራው እንደማይጠይቅ ሁሉ። ደረሰኞቹ ጥቅማቸው ሌላ ነው፤ ሥራው በእርግጥ መሠራቱን ያስረዳሉ። ወለሉ በአዲስ ላሜራ መለወጡን የሚያሳይ ደረሰኝና ብየዳው ሳይሸፈን የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ከአሥር ገጽ ማስታወቂያ ይልቅ ገዢውን ያሳምናል። ብዙዎች በሐራጅ መሸጥን ይመርጣሉ፤ በአሪዞና በስኮትስዴል ከተማ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር የሚደረገው የታወቀ ነው። ሐራጅ ግን መኪናው መድረክ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚቆምበት፣ መብራቱ ቀለሙን የሚያሳምርበት፣ ሰው በጎረቤቱ እጅ ማንሣት የሚነዳበት ስፍራ ነው። መኪናው ምንም የሚደብቀው ነገር ከሌለው ሻጩ ገዢውን በቀን ብርሃን ጠርቶ፣ በክሪክ አንሥቶ፣ ከሥር አስተኝቶ ቢያሳየው ሁለቱም ጥሩ እንቅልፍ ይተኛሉ እንላለን።

ጉዳዩን የሚያስቸኵለው የባለቤቶቹ ዕድሜ ነው። በ1966 ሃያ ዓመት ሆኖት በመጀመሪያ ደመወዙ ጂ.ቲ.ኦ. የገዛ ወጣት ዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፖንቲያክ የሚባለውም ፋብሪካ በ2010 ስለ ተዘጋ፣ አንድ ነገር ቢጠፋ ሄዶ የሚጠይቁት ዋና መሥሪያ ቤት የለም። ሰውየው ሲሞት መኪናው ስለ እርሱ ምንም ለማታውቅ ሚስት ወይም በሌላ ከተማ ለሚኖር ልጅ ይቀራል። ደላላው ይመጣል። ባልቴቲቱ የሚጠይቃትን አታውቅም፤ እርሱ የሚያየውንም አይነግራትም። እዚህ ላይ የተበዳይና የበዳይ ቦታ ይለዋወጣል፤ ያላወቀው ሻጩ፣ ያወቀው ገዢው ይሆናል። እውነተኛው ጂ.ቲ.ኦ. በሌማንስ ዋጋ ይወጣል፤ ወይም ባልየው እያወቀ በፍቅር የሠራው ክሎን፣ እርሷ ሳታውቅ እውነተኛ ነው ተብሎ በእርሷ ፊርማ ይሸጥና የክሱ ወረቀት ወደ እርሷ ይመጣል።

ለዚህ መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይፈጅም። ባለቤቱ ገና ጤና ሳለ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በገዛ እጁ ይጻፍ፤ ሞተሩ የራሱ ነው ወይስ ከሌላ የመጣ፣ ካምቢዮው መቼ ተለወጠ፣ የመጀመሪያው ቀለም ምን ነበር፣ የትኛው ላሜራ አዲስ ነው፣ ስቱኮ የት የት አለ። ይፈርምበት፣ ቀን ይጻፍበት። ከታንኩ በላይ የተገኘችውን ቁራጭ ወረቀት፣ የፋብሪካውን መዝገብ ቅጂ፣ ደረሰኞቹንና ፎቶግራፎቹን ከዚሁ ጋር በአንድ ፖስታ ያድርግ። ፖስታውንም ብዙዎች እንደሚያደርጉት በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን በቤቱ ያኑረው፤ መኪና የሚሰርቅ ሰው ወረቀቱንም አብሮ ይወስዳልና።